ቤተሰቡ በሙሉ ሲተኛ፦ ማን ይጠብቅ፣ ማንስ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ?

ጥያቄ፦

ሰላም ሲስተር። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሰኞ ዕለት ባለቤቴ ጠዋት ደህና ሆኖ ሥራ ሄደና ከሰዓት በኋላ እያንቀጠቀጠው ገባ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል አለው። «በዱላ የቀጠቀጡኝ ነው የሚመስለኝ» ይላል። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄዶ ደም ሰጠ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ ጀምሮሃል» ተብሎ መድኃኒት ታዘዘለት። ረቡዕ የ1 ዓመት ከ8 ወር ልጃችንን ጀመረው። ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ አንዴም አስታውኮታል። ትናንት ሐሙስ ደግሞ አብራን የምትኖረው እናቴ ተኛች። 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። «ይሄ ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አስቆርጣ ታሸች፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላለች። ጎረቤቴ ደግሞ ለሁሉም አሞክሳሲሊን ግዢላቸው ትለኛለች። ባለቤቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሥራ አርባ ምንጭ ነበር፤ ከዚያ ይዞት የመጣው ነገር ይሆን? ሁሉንም ይዤ ሐኪም ቤት ልሂድ ወይስ ጉንፋን ነው ብዬ ልጠብቅ? እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እስካሁን ግን ደህና ነኝ።

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት እናትሽን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ የሚወስዳቸው ሰው ፈልጊ። ልጁም በዚያው ጉዞ ይታይ። ለምን እንደቸኮልኩ እነግርሻለሁ።

የጻፍሽልኝ ነገር ከተራ ጉንፋን ይልቅ ኢንፍሉዌንዛን ይመስላል። ተራው ጉንፋን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከዚያ ያስነጥሳል፣ ንፍጥ ይወርዳል። ሰውየው እየተነጫነጨም ቢሆን ሥራ ውሎ ይገባል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ነው የሚጥለው። የታመመው ሰው ብዙ ጊዜ የጀመረበትን ሰዓት ሳይቀር ይነግርሻል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ያልፋል፣ ወገብና እግር ይቆረጥማል፣ ሳሉ ደረቅ ነው፣ ከአልጋ መነሳት ያቅታል። ልጆች ላይ ማስታወክና ተቅማጥም ሊኖር ይችላል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ትኩሳቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ድካም፣ ምግብ መጥላትና ግራ መጋባት ብቻ ይሆንና «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

አመጣጡም ይገጥማል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚወጣው ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሰኞ አባት፣ ረቡዕ ልጅ፣ ሐሙስ አያት። ታይፎይድም ሆነ ወባ በሳል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ቤተሰብን በሦስት ቀን አይጥልም። እርግጥ ኮቪድም ልክ እንዲህ ነው የሚገባው፤ በምልክት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ምርመራ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ባታገኙም ግን በሽታው ምን ይባላል ብለሽ ስትጨነቂ ጊዜ አታጥፊ። ቤትሽ ውስጥ ያሉት ሰዎች ለአደጋ ያላቸው ተጋላጭነት እኩል አይደለም፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ መልስ የለኝም።

ከእናትሽ ልጀምር። ኢንፍሉዌንዛ አብዛኛውን ጤነኛ ሰው በሳምንት ገደማ ይለቀዋል። ትኩሳቱ 3 ወይም 4 ቀን ቆይቶ ይበርዳል፤ ሳሉና ድካሙ 2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊጎተት ይችላል። ዕድሜያቸው 65 ያለፈ ሰዎች፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት (በተለይ 2 ዓመት ያልሞላቸው)፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ እናቶች ግን የተለዩ ናቸው። እነሱ ላይ በሽታው ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ራስ ተፈሪ እንኳ ያኔ ታመው ነው የተረፉት። የዘንድሮው የዚያን ያህል ነው እያልኩሽ አይደለም። ዛሬ ኦክስጅን አለ፣ መድኃኒትም አለ። ነገር ግን ሁለቱም የሚጠቅሙት በሰዓቱ ለደረሰ ሰው ነው።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ ኦሴልታሚቪር ይባላል። ቫይረሱ እንዳይራባ የሚያደርግ ነው። በደንብ የሚሠራው ምልክቱ ከጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በየፋርማሲው ላይገኝ ይችላል፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውም ሐኪም ነው። እናትሽን ትናንት ከጀመራቸው ግን ዛሬ ገና ጊዜ አላችሁ። ሰኞን ከጠበቃችሁ ያልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ስኳሩ ነው። ማንኛውም ትኩሳት ያለበት ሕመም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ምንም ባይበሉ እንኳ። በሌላ በኩል ምግብ እምቢ እያላቸው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን ከወሰዱ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትጨምሩ። መለኪያ ካላችሁ በቀን አራት ጊዜ ያህል ለኩ። ከ300 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ወይም ካስመለሳቸውና ውሃ እንኳ ካልረጋላቸው፣ ያ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ እያስታወካቸው ይቀጥሉ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ጠያቂ ሁሉ ማር የተጨመረበት አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ አመስግነሽ ተቀበይና ለእናትሽ ማር የሌለበትን አዘጋጂላቸው።

ስለ ዳማከሴው አትጣያቸው። መታሸቱ ይረጋቸዋል፣ ሽታውም ደስ ይላቸዋል፤ በውጭ በመታሸት የሚመጣ ጉዳት የለም። ጉዳቱ ዳማከሴው ሐኪሙን ሲተካ ነው። እናቶቻችን «ምች መርፌ አይወድም» ብለው ስለሚያምኑ በሽታው ላይ ከተከራከርሽ ትሸነፊያለሽ። እኔ ብሆን «እማዬ፣ ለምቹ ዳማከሴውን ታሽተሻል፤ አሁን ደግሞ ስኳሩን እንይልሽ» ነው የምለው። ይህ ማታለል አይደለም። እውነትም ስኳራቸው መታየት አለበት። ካርድና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ወደ ልጁ ልምጣ። እሱም መታየት አለበት ያልኩሽ ሁለት ዓመት ስላልሞላው ነው። ከሐኪም ቤት ስትመለሱ ግን ሥራው የአንቺና የባለቤትሽ ነው። ዋናው ሥራ ደግሞ ትንፋሹን መቁጠር ነው። ሲተኛ ወይም ተረጋግቶ ሲቀመጥ ልብሱን ገለጥ አድርጊና ደረቱን እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። እያለቀሰ ከሆነም ቆጠራው አይሠራም። በእሱ ዕድሜ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። (ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን ወሰኑ 50 ነው፤ ከ2 ወር በታች 60። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ትንፋሹ ደህና ቢሆንም እንኳ ካተኮሰው በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው፤ እዚያ ላይ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም።)

ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ከመለሰ፣ ካንቀጠቀጠውና ራሱን ከሳተ፣ ስትቀሰቅሺው በደንብ ካልነቃ፣ ወይም 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልሸና፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ተነሺና ውሰጂው። «ከንፈሩ ሰማያዊ ሲሆን» የሚል ምክር ሰምተሽ ይሆናል። የኛ ቆዳ ላይ ይህ ቶሎ አይታይም። ምላሱን፣ ድዱንና የጥፍሩን ሥር እዪ። ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለሽ አትቁሚ።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በቂ ነው። መጠኑ በኪሎው እንጂ በዕድሜው አይደለም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ሽሮፕ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ 5 ሚሊ ሊትሩ ስንት ሚሊ ግራም እንደያዘ ጠርሙሱ ላይ አንብቢ። በሻይ ማንኪያ አትገምቺ፤ መለኪያውን ተጠቀሚ። አስፕሪን ለልጅ በፍጹም አይሰጥም፤ ከእንዲህ ያለ ሕመም ጋር ሲገናኝ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ልጅሽ ዓመቱን ስላለፈ ለሳሉ ትንሽ ማር ልታልሺው ትችያለሽ፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማር ክልክል ነው። የዳማከሴ ጭማቂም ሆነ ሌላ ነገር አፍንጫው ውስጥ አትጨምቁበት። በብርድ ልብስና በጋቢ ጠቅልሎ ማላብም ትኩሳቱን ያብሰዋል እንጂ አያወርደውም። ቀለል ያለ ልብስ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ጡት ካልተወ ደግሞ ጡት።

አሁን ባለቤትሽ። «ታይፎይድና ታይፈስ ጀምሮሃል» የሚለው ነገር ብዙ ያሳስበኛል። አገራችን ውስጥ ያተኮሰው ሰው ሁሉ ይህንን ተብሎ ነው የሚመለሰው ማለት ይቻላል። ብዙ ክሊኒኮች የሚሠሩት ዊዳልና ዌይል-ፊሊክስ የተባሉ የደም ምርመራዎች የሚያዩት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ይህ መከላከያ ከዓመታት በፊት ከታመምንበት ጊዜ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ሕመምም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ምርመራው «አለ» ማለቱ ብቻውን ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም። ታይፎይድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ይሄዳል፣ ሆድ ያማል፣ ሳይታከም ከሳምንት በላይ ይቆያል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጤነኛ ሰው አንቀጥቅጦ የሚጥለው የተለመደ መልኩ አይደለም። የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ያቋርጥ አልልም። ያዘዘለትን ሐኪም «ቤት ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ምልክት ታመዋል፤ አሁንም ታይፎይድ ነው ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ መረጃ የመጀመሪያው ቀን አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አርባ ምንጭን አትርሺ። ለታይፎይድ ደሙ ሲታይ ወባ ታይቶለታል? ካልታየለት ዛሬውኑ ይታይ። አርባ ምንጭ ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ ወባ ደግሞ ሰውየው ከተመለሰ ከሳምንትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ሕመሙ ኢንፍሉዌንዛ መምሰሉ ወባ አለመኖሩን አያረጋግጥልሽም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ። ምርመራው በጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። በአጠቃላይ ከቆላ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው ወባ ሳይታይ «ጉንፋን ነው» መባል የለበትም።

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ትኩሳቱ መብረድ የነበረበት ጊዜ ላይ ደርሷል። ካልበረደ፣ ወይም አንድ ሁለት ቀን ተሽሎት እንደገና ካገረሸና ሳሉ ከባሰ፣ ሳንባው ላይ ሌላ ኢንፌክሽን ተደርቦ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚጫነው፣ የሚዘባርቅ፣ ሽንቱ የቀረ፣ ደም የተቀላቀለ አክታ የሚተፋ፣ ቆሞ መሄድ ያቃተው አዋቂ ደግሞ ቀን ሳይቆጥር ድንገተኛ ክፍል ይገባል። እናትሽንም በዚሁ ተከታተያቸው። ሳል ከ2 ሳምንት ካለፈ የአክታ ምርመራ ለቲቢ ማድረግ ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

የጎረቤትሽን አሞክሳሲሊን ተዪው። ቫይረስ ላይ አይሠራም። ተቅማጥ ወይም አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ በሌላ ቀን በእውነት ሲያስፈልግ ደግሞ እንዳይሠራ እናደርገዋለን። ሐኪም የሳንባ ምች አለ ካለ ያኔ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ በትክክለኛው መጠን እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። የጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ቅልቅል ክኒኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል አለ፤ በላዩ ሌላ ፓራሲታሞል ሲጨመር ጉበት ይጎዳል። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አይለፍ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ማለፍ አልችልም። ቤት ውስጥ ከሰል ታያይዛላችሁ? ሰው ሲታመም «ብርድ እንዳይመታው» ተብሎ በር መስኮት ይዘጋና ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ አለ። ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፣ ያደክማል፤ ልክ ጉንፋን ይመስላል። ትኩሳት ሳይኖር ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው፣ ያ ከሰል ነው። የገደለው ሰው ብዙ ነው። እባክሽን፣ ከሰሉ ውጭ ይውጣ፣ መስኮቱም ይከፈት። አየር የሚያመላልስ ቤት ቫይረሱንም ያሳሳዋል፤ ንፋስ ሳንባ ምች አያመጣም። በባህር ዛፍ መታጠን ለሚወድ አዋቂ ችግር የለውም፤ ልጅ አጠገብ ግን የፈላ ውሃ አይቅረብ።

የታመመ ሰው ምልክቱ ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ለሳምንት ያህል ሊያስተላልፍ ይችላል። ባለቤትሽ ያለ መድኃኒት ትኩሳቱ ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላው ሥራ አይግባ። ጠያቂ መቅረት ለእኛ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ለጥቂት ቀን በስልክ ይጠይቋችሁ።

ክትባት አለ፤ በየዓመቱ የሚወሰድ ነው። እኛ አገር በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ስላልሆነ እናትሽ ሲሻላቸው የስኳር ክትትል ሐኪማቸውን ስለ እሱ ጠይቂ። አሜሪካ ወይም እስራኤል ሆናችሁ ይህን የምታነቡ በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት በፋርማሲና በቁፓት ሆሊም (በእስራኤል የጤና መድን ድርጅቶች ክሊኒክ) ስለሚሰጥ እናት አባት አብረዋችሁ ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ።

የመጨረሻው ስለ አንቺ ነው። ስለ ሦስት ሰው በዝርዝር ጽፈሽ ራስሽን በአንድ መስመር አለፍሽው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ሦስት በሽተኛ ታስታምሚያለሽ፤ ስለዚህ አንቺም እንደ እናትሽ ለከባድ ሕመም ከሚጋለጡት ውስጥ ነሽ። በእርግዝና ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ ይከብዳል፤ የእናት ከፍተኛ ትኩሳትም ለፅንሱ ጥሩ አይደለም። እናትሽን ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ወንድም ወይም እህት ካለሽ ዛሬ ጥሪያቸው። ማንም ከሌለና አንቺው የምትሄጂ ከሆነ ማስክ አድርጊ። ሌሊት ልጁን ባለቤትሽ ይያዝ፤ እሱን በሽታው አስቀድሞ ይዞታል። የምትተኚው ለብቻሽ ይሁን።

ትኩሳት ወይም ቁርጥማት ከጀመረሽ «ነገ ያልፋል» አትበይ። በዚያው ቀን የእርግዝና ክትትል ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ። ካርድ ክፍል ስትደርሺ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ያተኩሰኛል፣ ቤቴ ሦስት ሰው ታሟል» ብለሽ ተናገሪ፤ ወረፋ እስኪደርስሽ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። ኦሴልታሚቪር ለነፍሰ ጡር ይሰጣል፤ ሐኪሙን ስለ እሱ ጠይቂ። እስከዚያ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ቤት ውስጥ ቢኖርም አትንኪ። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደም ከታየሽ፣ ሆድሽን እየቆረጠ ከያዘሽ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ የቀነሰ ከመሰለሽ ሌሊትም ቢሆን 907 ወይም 939 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ። ሁለቱንም ቁጥሮች አሁኑኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢያቸው፤ የባለቤትሽም ስልክ ላይ ይሁኑ።